የድንጋይ ክምር ሁሉ ዶልመን አይባልም

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጎንደር ውስጥ አስጎብኚነት የጀመረ አንድ ወጣት ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲሄድ ከመንገዱ ራቅ ብሎ እርሻ ዳር ላይ ክብ የድንጋይ ክምር ያያል። አብሮት የነበረው ጓደኛው «ይሄ ዶልመን ነው፣ የቅድመ ታሪክ መቃብር» ይለዋል። ልጁ ይህን ለእንግዶች ከመናገሩ በፊት ማጣራት ፈልጎ ሦስት ነገር ጠየቀ። ዶልመን ማለት በትክክል ምንድን ነው? የቆየ የድንጋይ መቃብር ሁሉ ዶልመን ይባላል ወይ? ጎንደር አካባቢስ አለ ወይ?

ወንድሜ፣ ከመናገርህ በፊት መጠየቅህ በጣም ደስ ብሎኛል። አስጎብኚ አንዴ የተናገረውን እንግዳው አገሩ ይዞት ይሄዳል፣ ሌላው አስጎብኚም ሰምቶ ይደግመዋል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ማን እንዳለው ሳይታወቅ «ታሪክ» ይሆናል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ዶልመን የመቃብር ሕንፃ ነው። ትልልቅ ድንጋዮች ቀጥ ብለው ይተከላሉ፣ በላያቸው ላይ ሌላ ትልቅ፣ ብዙውን ጊዜ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይጫናል፣ በመካከላቸው ክፍል ይቀራል። ጉልቻ ላይ ምጣድ ሲጣድ አስበው። ጉልቻዎቹ ቋሚ ድንጋዮቹ ናቸው፣ ምጣዱ ክዳኑ ነው፣ እሳቱ የሚነድበት ቦታ ደግሞ ሟቾቹ የሚያርፉበት ክፍል። ድንጋዮቹ እንዳሉ ከተፈጥሮ የተወሰዱ ወይም በትንሹ ብቻ የተስተካከሉ ናቸው። ጭቃም ኖራም የለም። ሁሉም ነገር የቆመው በክብደቱና በሚዛኑ ነው። እንግዲህ ቋሚ፣ ክዳን፣ ክፍል የሚሉትን ሦስት ነገሮች ያዝልኝ። አንድ ነገር ዶልመን ነው ስትባል መጀመሪያ እነዚህን ፈልግ።

ቃሉ ወደ ጥናት ጽሑፍ የገባው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፈረንሳይ ነው። የተወሰደውም በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ ከሚነገረው የብረቶን ቋንቋ ሲሆን የድንጋይ ጠረጴዛ እንደ ማለት ነው። ከዚህ አንድ ነገር ብቻ ውሰድ። ስሙ የተሰጠው ለቅርጹ ነው። ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደሠራው፣ ምን እንደሚያምን ስሙ አይነግርህም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ዶልመን» ሲባል ወዲያው የአንድ ሕዝብ ወይም የአንድ ዘመን ሥራ ይመስለዋል።

ዘመኖቹን ተመልከት። አየርላንድ ውስጥ ፑልናብሮን የሚባል በጣም የታወቀ ዶልመን አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተቆፍሮ ከ30 በላይ ሰዎች አፅም ተገኝቶበታል። አፅሞቹ የሚመደቡት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3800 እስከ 3200 ገደማ ባለው ጊዜ ነው። ይህ ማለት አንዱን ክፍል ሰዎች ለመቶዎች ዓመታት ተጠቅመውበታል። ስፔን ውስጥ አንቴኬራ ከተማ ያለው የሜንጋ ዶልመንም ከዚያ ዘመን ብዙም አይርቅም፤ ከክዳኖቹ አንዱ ብቻ 150 ቶን ገደማ ይመዝናል። ኮሪያ ስትሄድ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጎቻንግ፣ ህዋሱንና ጋንግህዋ በሚባሉት ቦታዎች ያሉት ዶልመኖች እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፣ የተሠሩት ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ሺህ ዓመት ነው። በአየርላንዱና በኮሪያው መካከል ከ2000 ዓመት በላይ ልዩነት አለ፣ ርቀቱም የዓለም ዳርና ዳር ነው። ድሮ አንዳንድ ጸሐፊዎች «ዶልመን የሚሠራ አንድ ሕዝብ ዓለምን ዞረ» ብለው ያስቡ ነበር። ዛሬ ይህን የሚቀበል የለም። ከባድ ድንጋይ ያለበት አገር፣ ሙታኑን የሚያከብር ሕዝብ፣ ብዙ እጅ አንድ ላይ ማሠለፍ የሚችል ማኅበረሰብ ካለ ይህን ቅርጽ በራሱ ሊደርስበት ይችላል።

ኮሪያን ካነሳሁ አይቀር ሌላም ነገር አለ። እዚያ አገር የሰሜኑ ዓይነት የሚባለው ልክ እንደነገርኩህ ረጃጅም ቋሚ ድንጋዮች ላይ የተጫነ ነው፣ ክፍሉ ከመሬት በላይ ነው። የደቡቡ ዓይነት ግን ሟቹ መሬት ውስጥ ይቀበርና ትልቁ ክዳን በትንንሽ ድንጋዮች ተደግፎ ከላይ ይቀመጣል። ሁለቱም በኮሪያ ጥናት ዶልመን ይባላሉ። ስለዚህ ቃሉ በየአገሩ ትንሽ ይሰፋል፣ ትንሽ ይጠባል። አየርላንዶች ደግሞ ዛሬ ሲጽፉ «ዶልመን» የሚለውን ለሕዝብ ጽሑፍ ትተው በበር ቅርጹ፣ በመተላለፊያው፣ በክፍሉ አሠራር የተለያየ ስም መስጠት ይመርጣሉ። የበለጠ ግራ የሚያጋባው «ክሮምሌክ» የሚለው ቃል ነው። በድሮ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካገኘኸው ዶልመን ማለት ነው፣ በፈረንሳይኛ ካገኘኸው ደግሞ በክብ የቆሙ ድንጋዮች ማለት ነው። አሮጌ መጽሐፍ ስታነብ ይህን አስታውስ፣ አለዚያ ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን አንድ ታደርጋለህ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ ሜዳ ላይ ራቁቱን ቆሞ የምናየው ዶልመን ሲሠራ እንዲህ ላይሆን ይችላል። ብዙዎቹ በአፈር ወይም በድንጋይ ጉብታ ተሸፍነው ነበር። ዝናቡ አፈሩን ያጥበዋል፣ ገበሬው ድንጋዩን ለአጥር ይወስደዋል፣ በመጨረሻ ትልልቆቹ ብቻ ይቀራሉ። ስለዚህ ክምር ሁሉ ዶልመን ባይሆንም ክምር ውስጥ ዶልመን ሊኖር ይችላል። ጓደኛህ ሙሉ በሙሉ ከሜዳ አልተነሳም ማለት ነው፣ ግን ክምሩን ብቻ አይቶ መደምደም አይችልም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ። የለም፣ የቆየ የድንጋይ መቃብር ሁሉ ዶልመን አይባልም። ከዶልመን ጋር ከሚምታቱት ዋናው ሲስት ነው። ሲስት ጉድጓድ ተቆፍሮ ግድግዳው በጠፍጣፋ ድንጋዮች ተለብጦ ከላይ በድንጋይ የሚከደን ሳጥን ነው። ከላይ ካየኸው ዶልመንን ይመስላል፣ ቋሚ አለው፣ ክዳን አለው። ዋናው ልዩነት አጠቃቀሙ ላይ ነው። ሲስት በአብዛኛው ለአንድ ቀብር ይሠራል፣ ይዘጋል፣ ይቀበራል፣ አበቃ። ዶልመን ግን ብዙውን ጊዜ በር ወይም መግቢያ ይኖረዋል፣ ክፍሉ እንደገና ሊከፈት ይችላል፣ የትውልድ ትውልድ አፅም ይጠራቀምበታል። የፑልናብሮኑን ያነሳሁልህ ለዚህ ነው። አንዱ የአንድ ሰው ማረፊያ ነው፣ ሌላው የአንድ ወገን የጋራ ቤት ነው።

ቱሙሉስ የሚባለው ደግሞ ጉብታው ራሱ ነው፣ የአፈር ወይም የድንጋይ። ከሥሩ ዶልመን፣ ሲስት፣ ተራ ጉድጓድ፣ ማንኛውም ሊኖር ይችላል። ጉብታው ከድንጋይ ብቻ ሲሆን ኬርን የሚሉት አሉ። ትክል ድንጋይ ሌላ ነው፣ ብቻውን የቆመ ድንጋይ ነው፣ መቃብር ከሥሩ ቢኖርም ባይኖርም። ከአለት የተፈለፈለ ዋሻ መቃብርም ሌላ ነው፣ ምክንያቱም ያ የሚሠራው ድንጋይ በመቀነስ ነው፣ ዶልመን ግን ድንጋይ በመደራረብ።

ኢትዮጵያ ውስጥ እነዚህ ሁሉ አሉ፣ አስጎብኚ ከሆንክ የምትኮራበት ነገር ይህ ነው። ዶልመኖቹ ያሉት ሐረርጌ ውስጥ ጨርጨር ተራሮች ላይ ነው። ፈረንሳያዊው ሚስዮናዊ አባ አዛይስ ከሻምባር ጋር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አገሪቱን እየዞሩ ጥንታዊ ድንጋዮችን መዝግበዋል፣ ሥራቸውም እ.ኤ.አ. በ1931 ታትሟል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሮዤ ዡሶም የሚባለው አርኪዮሎጂስት ጨርጨር ሄዶ ዶልመኖቹን በሥርዓት አጠና፣ ቆፈረም። ጋንዳ ሐሰን አብዲ እና ሱሬ ካባናዋ ከቦታዎቹ መካከል ናቸው። የተመደበላቸው ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት 2ኛው ሺህ ዓመት ነው። አስበው እስቲ፣ አክሱም ገና ሳትመሠረት፣ የሃ ላይ የሳባ ፊደል ገና ሳይቀረጽ። ይህ እውነተኛ ቅድመ ታሪክ ነው።

እዚያው ጨርጨር ላይ ደግሞ ሰዉ በኦሮምኛ «ደጋ ቱሊ» የሚለው አለ፣ የድንጋይ ክምር ማለት ነው። እነዚህ ቱሙሉሶች ናቸው። ከዶልመኖቹ ጋር አንድ ተራራ ላይ ቢገኙም ዘመናቸው ከክርስቶስ ልደት በኋላ ከ8ኛው እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በሁለቱ መካከል ቢያንስ 1700 ዓመት ገደማ አለ! ጎን ለጎን ስላሉ «የአንድ ሕዝብ ናቸው» ያለ ሰው ምን ያህል እንደሚሳሳት ተመልከት። ለዚህ ነው ስያሜው ላይ የምጨቃጨቀው።

ወደ እኛ ቀረብ ስንል መንዝና ደቡብ ወሎ ላይ የሻይ ባህል የሚባለው አለ። የምንጠጣው ሻይ አይደለም፣ ሻይ ከሚባለው ወንዝ የመጣ ስም ነው። ፎቬልና ፖይሶኒዬ የተባሉ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች ቆፍረው ያጠኑት ነው። ከኮረብታ አናት ላይ ትልልቅ የድንጋይ ቱሙሉሶች፣ ከውስጣቸው ክፍል፣ ከመቃብሩ ጥቁር ሸክላና ከሩቅ አገር በንግድ የመጣ የብርጭቆ ዶቃ። ተተር ጉር የሚባለው ቦታ ላይ ወደ ክፍሉ የሚያስገባ መተላለፊያም አለ። ቅርጹን ብቻ ያየ ሰው የአውሮፓን ቅድመ ታሪክ ሊያስታውስ ይችላል። ዘመኑ ግን ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በዚያው ዘመን ደጋው ላይ የክርስቲያን መንግሥት ነበረ፣ መጽሐፍ ይገለበጥ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን ይፈለፈል ነበር። ጎረቤቶቻቸው ግን ሙታናቸውን በሌላ ሥርዓት በጉብታ ሥር ይቀብሩ ነበር። ይህን «ቅድመ ታሪክ» ብለህ ብትጠራው ሰዎቹን ከራሳቸው ዘመን አውጥተህ ትጥላቸዋለህ። እኔን በግሌ ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ጽሑፍ አልተዉም ማለት ታሪክ የላቸውም ማለት አይደለም።

ጢያም እንዲሁ ነው። 36 ትክል ድንጋዮች ናቸው፣ 32ቱ ቅርጽ አላቸው፣ ሰይፍና ሌሎች ምልክቶች። ሥራቸው መቃብር ነው፣ ቁፋሮው የሚያሳየው ዘመን ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የአካባቢው ሰው ግን «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸው ነበር። ኢማም አሕመድ የመጣው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መሆኑን አስታውስ። ሰው የማያውቀውን ትልቅ ድንጋይ ለሚያውቀው ትልቅ ስም ይሰጠዋል።

አክሱም ላይ ደግሞ ትርጉሙን የሚፈትን ነገር ታገኛለህ። ንፋስ መውጫ የሚባለውን መቃብር ታውቀዋለህ ብዬ አስባለሁ። መካከለኛው ክፍል የተከደነው በአንድ ድንጋይ ነው፣ ርዝመቱ 17 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 360 ቶን ገደማ። 33 ሜትር የነበረው ትልቁ ሐውልት ሲወድቅ የመታው እሱን ነው። ቋሚ አለ፣ ክዳን አለ፣ ክፍል አለ። ታዲያ ዶልመን ነው? አይደለም፣ ማንም አርኪዮሎጂስት እንደዚያ አይጠራውም። ድንጋዩ በሙያ የተጠረበ ነው፣ መቃብሩ የአክሱም የሐውልት መስክ ሥርዓት አካል ነው፣ ፊደልና ሳንቲም ያለው መንግሥት ሥራ ነው። ሦስቱ ምልክቶች ያስፈልጋሉ እንጂ ብቻቸውን አይበቁም ማለት ነው። ድንጋዩ ያልተጠረበ ወይም እንደ ነገሩ የተስተካከለ መሆኑ፣ ሕንፃውም በሌላ የታወቀ ሥርዓት ውስጥ የማይገባ መሆኑ አብሮ ይታያል።

አሁን ወደ አንተ ክምር እንምጣ። በገለጽክልኝ መሠረት ክብ ነው፣ ድንጋዮቹ ሰው ብቻውን ሊያነሳቸው የሚችላቸው ናቸው፣ ጠፍጣፋ ትልቅ ድንጋይ አላየህም፣ ያለውም እርሻ ዳር ነው። እንዲህ ከሆነ ዶልመን አትበለው። የእኛ ደጋ ድንጋይ ባብዛኛው ጥቁር ባዝልት ነው፣ ሲፈራርስ ክብ ክብ ቋጥኝ እየሆነ መሬቱን ይሞላዋል። ገበሬው በየዓመቱ ከማሳው እየለቀመ ዳር ላይ ይከምረዋል፣ አባቱም ከምሮታል፣ አያቱም። ከርቀት ሲታይ ጥንታዊ ይመስላል፣ በእርግጥም የቆየ ሊሆን ይችላል፣ ግን የልፋት ክምር ነው። በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ በሚታይበት መሳለሚያ ላይ አላፊ አግዳሚው ድንጋይ ሲጥል ክምር ይሆናል። እዚህ ላይ ጎበዝ አስጎብኚ መጀመሪያ የሚጠይቀው የማሳውን ባለቤት ነው። «አባባ፣ ይሄ ክምር የምንድን ነው?» በላቸው። «የማሳ ድንጋይ ነው ልጄ» ካሉህ ጥያቄህ ከግማሽ በላይ ተመለሰ። «የጥንት ሰዎች መቃብር ነው ይባላል» ካሉህ ደግሞ ያንን ጻፈው፣ ግን ማስረጃ አድርገህ አትውሰደው። እዚሁ ከተማችን ፋሲል መዋኛ አጠገብ ያለችውን ጉልላት ያላት ትንሽ ቤት የዞብል መቃብር እንላታለን፣ የአፄ ፋሲል ፈረስ። የምንወደው ታሪክ ነው፣ ለእንግዳም እንነግረዋለን፣ ስንነግር ግን «ይባላል» እንላለን። ያቺ ቤት በኖራ የተገነባች መሆኗ ብቻ ከማን ዘመን ወገን እንደሆነች ይነግርሃል። በድንጋዮቹ መካከል ኖራ ካየህ ስለ ዶልመን ማሰብህን አቁም።

ጥርጣሬህ ካልወጣ ደግሞ ቦታው ላይ እንዲህ አድርግ። ክምሩን ዙረው። ጫፉ ላይ ድንጋዮቹ ተስተካክለው በክብ የተደረደሩ ናቸው ወይስ ዝም ብለው ተንከባለዋል? የሰው መቃብር ብዙውን ጊዜ ጠርዝ አለው። መካከሉ ሰምጧል? ከውስጥ ክፍል ኖሮ ጣሪያው ሲወድቅ ላዩ ይሰምጣል። ጠፍጣፋ ድንጋይ በጎኑ ቆሞ ከክምሩ ብቅ ያለበት ቦታ አለ? ይህ ከሁሉም የሚበልጠው ምልክት ነው። ከዚያ ቦታውን ተመልከት። ኮረብታ አናት ላይ፣ ከማሳ ርቆ ከሆነ የበለጠ ያጠያይቃል። አንድ ትልቅ ቋጥኝ ሌሎች ላይ ተጭኖ ካየህ ግን አትቸኩል፣ ተፈጥሮም ገደል ሲናድ እንዲህ ታደርጋለች። ከሥሩ ያለው ቦታ በሰው እጅ የተስተካከለ መሆኑን እይ።

ዘመኑን ደግሞ ከውጭ አይተህ አታውቀውም፣ እኔም አላውቀውም። ድንጋይ መቼ እንደተፈጠረ ይለካል፣ መቼ እንደተከመረ ግን ከድንጋዩ ብቻ አይነበብም። ዘመን የሚገኘው ከውስጥ ካለው አፅም ወይም ከሰል ነው። እሱም ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም የኋላ ሰዎች የቆየ መቃብር አግኝተው የራሳቸውን ሙታን ሊቀብሩበት ይችላሉ። የላይኛው አፅም የሠሪዎቹ ላይሆን ይችላል። ለዚህ ነው እያንዳንዱ የአፈር ንብርብር ሳይነካካ መቆየት ያለበት።

ሳልነግርህ የማላልፈው ነገር ይኸው ነው። እባክህ አትቆፍር፣ ሌላም ሰው እንዲቆፍር መንገድ አታሳይ። «የጥንት መቃብር» የሚል ወሬ ሲሰማ «ወርቅ አለበት» የሚል ሰው አይጠፋም፣ ሌሊት አካፋ ይዞ ይወጣል። የሚያገኘው አጥንትና የተሰበረ ሸክላ ነው፣ ይበትነዋል። ያ የተበተነ አጥንት ዘመኑን ሊነግረን የሚችል ብቸኛው ነገር ነበር። በሕጉም ቢሆን በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር የተከለከለ ነው፣ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ማሳወቅ አለበት። አንተ ማድረግ ያለብህ ቀላል ነው። ሳትነካ ፎቶ አንሳ፣ ከሩቅም ከቅርብም፣ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ ሰው ወይም ዱላ አቁም። ቦታውን በስልክህ መዝግብ፣ ግን ፌስቡክ ላይ አትለጥፈው። ከዚያ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አመልክት፣ እነሱ ወደ ቅርስ ባለሥልጣን ያደርሱታል።

ለእንግዶችህ እስከዚያው ድረስ ምን ልበል ካልክ፣ «የድንጋይ ክምር ነው፣ ገና አልተጠናም» በል። ዶልመን ማየት የሚፈልግ እንግዳ ካጋጠመህ ደግሞ ወደ ጨርጨር ላከው።